ከመንቀል በፊት ማሰብ፦ በኬዝ ላይ የተመሠረተ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ሲዳሰስ

በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪደርስ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ብዙ ያነጋገረ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዊልያም ኤከንባርገር የተባለ ጋዜጠኛ በ28 ግዛቶች እየተዘዋወረ 50 የጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ቀረበ፤ ለሁሉም ያንኑ አፍ ከፍቶ አሳየና ምን ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ ስንት እንደሚያስከፍለው ጠየቀ። አንዱ በ500 ዶላር አካባቢ የሚያልቅ ሥራ ነው ሲለው፣ ሌላው 30 ሺሕ ዶላር የሚጠጋ ሒሳብ አቀረበለት። ጥርሶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሚያያቸው ሰው ብቻ ነበር።

ብዙ አንባቢ ነገሩን በስግብግብነት ተረጎመው። ስግብግብነት ድርሻ የለውም አይባልም። ይሁንና በዚያው አሥር ዓመት ጄምስ ቤደርና ዳንኤል ሹገርስ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ከዚህ የጠለቀ ችግር አሳይተዋል። ያንኑ ጥርስና ያንኑ ራጅ የተመለከቱ ሐኪሞች ይሞላ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ በሰፊው ይለያያሉ። እንግዲህ የልዩነቱ አንዱ ምንጭ ሐኪሙ ከምልክት ተነሥቶ ወደ ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቶች ክሊኒካል ሪዝኒንግ የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህ ክሊኒካዊ አመዛዘን እንለዋለን።

ይህ አመዛዘን ከልምድ ብቻ የሚገኝ ነው ወይስ በክፍል ውስጥ ሊሠለጥን ይችላል? ላለፉት አምስት ዐሥርት ዓመታት ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የገነነው ኬዝ ነው፤ ማለትም ተማሪው በአንድ ታካሚ ታሪክ ላይ እያሰበ፣ እየተከራከረና እየወሰነ እንዲማር ማድረግ። ይህ ዳሰሳ ዘዴው ከየት እንደመጣ፣ ጥናቱ ምን እንደሚል፣ ለጥርስ ሕክምና ተማሪ ለይቶ ምን እንደሚሰጥና በእኛ አገር ምን መልክ ሊይዝ እንደሚገባው ይመለከታል። ድምዳሜዬን አስቀድሜ ልናገር፦ ኬዝ በራሱ አያስተምርም። የሚያስተምረው ተማሪው ቀጣዩን መረጃ ከማየቱ በፊት ራሱን በአንድ ሐሳብ እንዲያስርና ያንን ሐሳብ ከተቀራራቢ ኬዞች ጋር እንዲያነጻጽር የሚያስገድደው አሠራር ነው።

የጥርስ ሐኪም ውሳኔ ምን ይለየዋል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ያዝዛል፣ ይጠብቃል፣ ታካሚው ሲመለስ ሐሳቡን ያርማል። የጥርስ ሐኪም ግን አብዛኛውን ጊዜ መርማሪም፣ ወሳኝም፣ ቀዶ ሠሪም እሱው ነው፤ ሦስቱንም የሚያደርገው ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። የተቆፈረ ጥርስ እንደነበረ አይመለስም። የተነቀለው ደግሞ ጭራሹን የለም።

ሁለተኛው ልዩነት የጥርስ ሐኪም ከባድ ጥያቄ ሁልጊዜ «በሽታው ምንድን ነው?» የሚል አለመሆኑ ነው። ጥርሱ መበላቱን ሁለት ሐኪሞች ሊስማሙበት ይችላሉ። የሚለያዩት አሁን ይቆፈር ወይስ በፍሎራይድ፣ በአመጋገብና በጽዳት እንዲቆም ይሞከር በሚለው ላይ ነው። ቀዳዳ ያላወጣ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳት ሳይቆፈር ሊቆም እንደሚችል ዛሬ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተማሪው መማር ያለበት መቼ መሥራት እንዳለበት ብቻ አይደለም፤ መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበትም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ከትምህርቱ አደረጃጀት ይመጣል። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ገና ታካሚ ሳያይ በሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ እጁን ያሠለጥናል፤ ክሊኒክ ሲገባም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሪኳየርመንት በሚሉት ቁጥር ይለካል፦ ይህን ያህል መሙላት፣ ይህን ያህል መንቀል፣ ይህን ያህል ሩት ካናል። ቁጥሩ ለእጅ ብልሃት ያስፈልጋል። ነገር ግን ዓይኑ ቁጥሩ ላይ የሆነ ተማሪ ታካሚ ሲመጣ «ይህ ሰው ምን ሆኗል?» ከማለቱ በፊት «ይህ የትኛውን ይሞላልኛል?» ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሺቫ ኻታሚና ባልደረቦቿ በ2012 ባወጡት ሥራ የጥርስ ሐኪም አመዛዘን በምልክትና በምርመራ ብቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ፣ የታካሚው ፍላጎት፣ አቅምና የኑሮ ሁኔታ ውስጡ እንዳሉ አሳይተዋል። ይህ ሁሉ በሌክቸር ስላይድ ላይ አይታይም፤ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ግን ይታያል።

ኬዝ ከየት መጣ?

ዘዴውን መጀመሪያ ያስፋፉት ሐኪሞች አልነበሩም። በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የሆነው ክሪስቶፈር ላንግዴል ተማሪዎቹ ሕግን ከተፈረዱ መዝገቦች እንዲማሩ አደረገ። በ1900 ዋልተር ካነን የተባለ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ፣ አብሮት የሚኖረው የሕግ ተማሪ ጓደኛው በመዝገቦቹ ላይ እንዴት በስሜት እንደሚከራከር አይቶ፣ ሕክምናም እንዲሁ ይሰጥ ሲል ጻፈ። ካነን በኋላ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሆኗል። በ1906 ሪቻርድ ካቦት ሕክምናን በኬዝ ስለ ማስተማር መጽሐፍ አሳተመ።

ሁለተኛው ታላቅ ማዕበል በ1969 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተነሣ። እዚያ ተማሪዎች በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው፣ ቅድመ ትምህርት ሳይሰጣቸው፣ አንድ የታካሚ ችግር ይቀርብላቸውና ምን ማወቅ እንዳለባቸው ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ይህ በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት ይባላል። የጥርስ ሕክምናም ዘግይቶ ተከተለው፤ የስዊድኑ ማልሞ በ1990፣ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ሥርዓተ ትምህርታቸውን በዚህ ላይ አቆሙ።

በኬዝ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ከዚህ ጋር ይዛመዳል እንጂ አንድ አይደለም። በኬዝ ትምህርት ተማሪው አንብቦና ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ መምህሩም ክርክሩ መሥመር ሲስት ይመልሰዋል፣ ቁልፍ ጥያቄ ሲዘለል ያነሣዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትንሽ አይደለም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከችግር ተኮር ወደ ኬዝ ትምህርት የተሻገሩ ሁለት የካሊፎርኒያ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ሲያይ፣ 89 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎችና 84 በመቶ የሚሆኑት መምህራን የኬዙን መርጠዋል። ባልተመራ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ መቀነሱ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነበር።

ባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ምን አለ?

ኬዝ ለምን ይረዳል የሚለውን ለመመለስ አዋቂ ሐኪም ከጀማሪ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1978 አርተር ኤልስታይን፣ ሊ ሹልማንና ሳራ ስፕራፍካ በሚቺጋን ያደረጉትን ምርምር መጽሐፍ አድርገው ሲያወጡ የብዙዎችን ግምት አፈረሱ። ሁሉም ሐኪሞች፣ አዋቂውም ሆነ ጀማሪው፣ ታካሚው ታሪኩን መናገር እንደጀመረ ጥቂት መላምቶችን ያነሣሉ፤ በዚህ አይለያዩም። ከዚህም በላይ በአንድ ኬዝ ላይ ጎበዝ የሆነ ሐኪም በሌላው ኬዝ ላይ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «አመዛዘን» ከእውቀት ተነጥሎ የሚሠለጥን፣ በሁሉም ቦታ የሚሠራ አጠቃላይ ችሎታ ነው የሚለው ሐሳብ አልቆመም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሄንክ ሽሚት፣ ጄፍሪ ኖርማን፣ ሄኒ ቦሹይዘን እና ሌሎችም ልዩነቱ እውቀቱ በተደራጀበት መልክ ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ጀማሪው በሽታን እንደ ዝርዝር ያውቀዋል። ባለሙያው ግን እንደ ታሪክ ያውቀዋል፦ ማንን ይይዛል፣ እንዴት ይጀምራል፣ በምን ይባባሳል፣ ምን ሲታይ ነው የሚጠረጠረው፣ ምን ሲጠፋ ነው የሚጣለው። ይህ ታሪክ በእያንዳንዱ ታካሚ እየዳበረ ይሄዳል። ቤደርና ሹገርስም የጥርስ ሐኪሞች የተበላ ጥርስን የሚያዩት እንዲህ ባሉ የተከማቹ ታሪኮች እንደሆነ ጽፈዋል፤ ሐኪሙ ጥርሱን ሲያይ ምልክቱን ብቻ አይደለም የሚያነበው፣ ሕክምናውም አብሮ ይመጣለታል። ፍጥነቱ በረከት ነው፤ አደጋው ደግሞ ታሪኩ የተሳሳተ ወይም የጠበበ ሲሆን ነው። የካናዳው የድንገተኛ ሐኪም ፓት ክሮስኬሪ ለዓመታት ሲጽፍ የኖረው ስለዚህ አደጋ ነው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ዓይኑ ባረፈበት ነገር ላይ ይጣበቃል፣ ምክንያት አገኘሁ ሲል ፍለጋውን ያቆማል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪው ብዙ የታካሚ ታሪኮች ያስፈልጉታል፤ ግን ታሪኮቹ በዘፈቀደ ሳይሆን እርስ በርስ እንዲነጻጸሩ ተመርጠው መቅረብ አለባቸው።

አንድ ኬዝ በቅርብ ሲታይ

ለማሳያ ያዘጋጀሁትን አንድ ኬዝ ልግለጸው። መምህሩ መጀመሪያ የሚሰጠው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው፦ «የ34 ዓመት ሴት። የላይኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ካመመኝ ሳምንት ሆነኝ፣ በዚያ በኩል ማኘክ አልቻልኩም ትላለች። አፏ ሲከፈት የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ይታያል።»

እዚህ ላይ ቆም ይባላል። እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን፣ ይበልጥ የሚጠረጥረውን ከላይ አድርጎ፣ በወረቀት ይጽፋል። ቀዳዳው ዓይን ስለሚስብ ብዙው ተማሪ «የጥርሱ ነርቭ ተቆጥቷል፤ ሩት ካናል ወይም መንቀል» ብሎ እንደሚጽፍ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ቅጠል ታሪኩን ይሰጣል። ሕመሙ የሚወጋ ሳይሆን የሚከብድ ዓይነት ነው። አንድ ጥርስ ለይታ ማሳየት ያቅታታል። ጎንበስ ስትልና ደረጃ ስትወርድ ይብስባታል። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አፍንጫዋ እስካሁን አልተከፈተም። መምህሩ አንዷን ተማሪ ይጠይቃታል፦

«አሁንስ ከጻፍሽው የቱን ታወጫለሽ?»

«ዶክተር፣ ነርቩን አላወጣም፤ ግን ሳይነስ እጨምራለሁ።»

«ጥሩ። የትኛው ምርመራ ነው ሁለቱን የሚለይልሽ? ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ምን እንደምትጠብቂ ጻፊ።»

ሦስተኛው ቅጠል ምርመራው ነው። ቀዳዳ ያለበት ጥርስ ቅዝቃዜ ሲነካው ይሰማዋል፤ ቅዝቃዜው ሲነሣ ስሜቱም ወዲያው ይጠፋል። በመሣሪያ እጀታ መታ መታ ሲደረግ የሚያማት አንድ ጥርስ አይደለም፤ በዚያ በኩል ያሉት ሦስት የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች እኩል ያሟታል። በራጁ ላይ በሥሮቹ ጫፍ ዙሪያ የጠቆረ ነገር የለም። ምልክቶቹ ሲሰበሰቡ ሕመሙ ከላይኛው መንጋጋ በላይ ካለው ሳይነስ እንደመጣ ያመለክታሉ። ቀዳዳው እውነተኛ ነው፤ መሞላትም አለበት። ግን ለሕመሙ ተጠያቂው እሱ አይደለም። ቢነቀል ኖሮ ታካሚዋ ጥርሷን አጥታ ሕመሟን ይዛ ትቀር ነበር።

ብዙ መምህር እዚህ ያቆማል። ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፦ «መታ መታ ሲደረግ የሚያማት ቀዳዳ ያለበት ጥርስ ብቻ ቢሆንና ጥርሱ ለቅዝቃዜ ምንም ባይሰማውስ?» አሁን ነርቩ ሞቶ ኢንፌክሽኑ ወደ ሥሩ ጫፍ ደርሷል የሚለው ከፊት ይመጣል። ሌላ ለውጥ፦ «ከአፍንጫዋ አንድ በኩል ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢወጣስ?» የጥርስ ኢንፌክሽን ራሱ ወደ ሳይነስ ሊዘልቅ እንደሚችል ተማሪው ያስታውሳል፤ ሁለቱ ምክንያቶች ጠላት ሳይሆኑ ሰንሰለት ሊሆኑ ይችላሉ። «ታካሚዋ የ60 ዓመት ወንድ ቢሆኑና ሕመሙ በታችኛው መንጋጋ ሆኖ ዳገት ሲወጡ ቢመጣባቸው፣ ሲያርፉ ቢተዋቸውስ?» የልብ ሕመም በመንጋጋ ሊሰማ እንደሚችል የማያውቅ የጥርስ ሐኪም ሰው ሊያስገድል ይችላል። ከአንድ ቀዳዳ ተነሥቶ ተማሪው አራት ታሪኮችን አነጻጽሮ ወጣ። የኬዝ ትምህርት ዋጋ ያለው እዚህ ነው።

ጥናቱ ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከወጡት ዳሰሳዎች የታወቀው ጂል ቲስልትዌይት ከባልደረቦቿ ጋር በ2012 ያወጣችው ነው። 104 ጽሑፎችን መርምረው የደረሱበት ድምዳሜ ሁለት ጎን አለው። ተማሪዎች የኬዝ ትምህርትን ይወዱታል፣ የተሻለ እንደተማሩበትም ያምናሉ፤ መምህራንም ይወዱታል። ከሌሎች ዘዴዎች ይልቅ የተሻለ እውቀት ያስገኛል ወይ ለሚለው ግን በአጠቃላይ ማስረጃው ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም።

ይህ ድምዳሜ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ ሊያስተምረን ግን ይገባል። «ኬዝ» የሚለው ስም ብዙ የተለያየ ነገር ይሸፍናል። በአንዱ ትምህርት ቤት መምህሩ ኬዙን አንብቦ መልሱንም ራሱ ይናገራል። በሌላው ተማሪዎች ያለ ምንም ረዳት ለሁለት ሰዓት ይከራከራሉ። በሦስተኛው ከላይ እንዳየነው በቅጠል በቅጠል ይሠራል። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ አማካዩን መለካት ስለማናቸውም ብዙ አይነግርም።

በችግር ተኮር ትምህርት ላይ የተነሡት ትችቶችም ከዚህ ጋር ይገናኛሉ። በ2000 ጄሪ ኮሊቨር ያን ያህል ወጪ የሚያካክስ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። በ2006 ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ ጀማሪን ያለ በቂ ምሪት በችግር ውስጥ መጣል የማሰብ አቅሙን ከመጠን በላይ እንደሚያጨናንቀው ተከራከሩ። የዚህ ክርክር ፍሬ ለእኛ ጠቃሚ ነው። ገና አናቶሚውን ያልጨበጠ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዋቂ ሐኪም እያሰበ የሠራው፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተብራራለት ኬዝ ነው። ከዚያ ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ ለእሱ የተተወ። ክሊኒክ ሲገባ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ።

በዘዴው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ክፍሎች ግን ለየብቻቸው ተፈትነው ጠንካራ ድጋፍ አግኝተዋል። ሮዝ ሃታላ፣ ሊ ብሩክስና ኖርማን በ2003 እንዳሳዩት የልብ ኤሌክትሪክ ሥዕል ማንበብን ሲማሩ፣ የተለያዩ በሽታዎችን አደባልቀው የተለማመዱ ተማሪዎች አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱት የተሻለ መለየት ቻሉ። ሲልቪያ ማሜዴና ሽሚት ደግሞ ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥርጣሬ የሚደግፈውን፣ የሚቃወመውንና መታየት ሲገባው ያልታየውን በሠንጠረዥ እንዲጽፍ ማድረግ በኋላ ለሚያጋጥመው ኬዝ እንደሚጠቅመው አሳይተዋል። ጥናቶቹ ግን በጥርስ ሕክምና ላይ የተሠሩ አይደሉም። የጥርስ ሕክምናው ዘርፍ የራሱ እንዲህ ያለ ጠንካራ ምርምር ጥቂት ነው፤ ያለውም ብዙው ተማሪዎች ረክተዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው። እርካታ ደስ ይላል፤ በሽተኛን ግን አያድንም። ይህን ክፍተት መሙላት ለማንም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተ የምርምር በር ነው።

ፈተናው ካልተለወጠ

ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። ዓመቱን በኬዝ ሲያሰላስል የከረመ ተማሪ መጨረሻ ላይ የነርቭ ስሞችን በቃል ካስቆጠሩት፣ ኬዙ ጌጥ እንደነበር ይገባዋል። አሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ለሁለት ተከፍሎ የነበረውን ብሔራዊ የጥርስ ሐኪሞች ፈተና በአንድ የተቀናጀ የ500 ጥያቄዎች ፈተና ስትተካ ይህን አስባለች፤ ብዙዎቹ ጥያቄዎች የታካሚውን ዕድሜ፣ ቅሬታ፣ የጤና ታሪክና የሚወስደውን መድኃኒት ከያዘ ሣጥን ይነሣሉ።

ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። ካናዳውያኑ ጆርጅ ቦርዳዥና ጎርደን ፔጅ ያዳበሩት የቁልፍ ነጥብ ፈተና ኬዙን በሙሉ ሳይሆን ሰው የሚሳሳትበትን ወሳኝ እርምጃ ብቻ ይጠይቃል። የሞንትሪያሉ በርናርድ ሻርሊን ያዳበረው ፈተና ደግሞ አዲስ መረጃ ሲጨመር የተማሪው ጥርጣሬ ወደየት እንደሚያዘነብል ከባለሙያዎች ጋር ያነጻጽራል። አቅም ላነሰው ትምህርት ቤት ግን ሌላ ቀላል መንገድ አለ፤ ተማሪው ታካሚውን ጨርሶ ሲወጣ መዝገቡን ይዞ ለአምስት ደቂቃ «ይህን ለምን አደረግህ? ምን ብታይ ኖሮ ሐሳብህን ትለውጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ። የሪኳየርመንቱ ቁጥር ሲፈረም ይህ ጥያቄ አብሮ ካልተጠየቀ ፊርማው የሚመሰክረው ለእጁ ብቻ ነው።

ኬዙ የማን አፍ ነው?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ይመጣል። የጥርስ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በሌሎችም ይሰጣል። ጅማ ገና በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲቋቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ያደረገ ነው። መሠረቱ አለን ማለት ነው። ነገር ግን መማሪያ መጻሕፍቱ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚገኘው አፍም የውጭ ነው። ባለሙያ በሽታን የሚለየው ባከማቻቸው ታሪኮች ከሆነ፣ ተማሪያችን የሚያከማቸው ታሪክ ነገ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ጋር መመሳሰል አለበት።

አንድ ምሳሌ ከስምጥ ሸለቆ ልውሰድ። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያስቀምጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መመሪያ በላይ መሆኑ ለዐሥርት ዓመታት ይታወቃል። እዚያ ያደገ ወጣት ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ያልሠለጠነ ዓይን «የተበላ ጥርስ» ብሎ መሣሪያ ሊያነሣ ይችላል። የሠለጠነው ግን ይጠይቃል፦ ቀለሙ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ነው? በአንድ ዕድሜ የተፈጠሩ ጥርሶች በአንድነት ነው የተነኩት? ወይስ ጉዳቱ ምግብ በሚጠራቀምበት ቦታ ብቻ ነው? የት ነው ያደግከው? ያ የመጨረሻው ጥያቄ በውጭው መጽሐፍ ኬዝ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ሌላው ምሳሌ ከአገር ውጭ ያለውን ወገናችንንም ይነካል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ገና ያልወጣውን የክራንቻ እምቡጥ ከድዱ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት በአገራችን በብዙ ቦታ የኖረ ጎጂ ልማድ ነው። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩት ሆላንና ማምበር በ1994 ባወጡት ጥናት ይህን ልማድና በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለሙያው አሳውቀዋል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐኪም የጎደለውን ክራንቻ ሲፈጠር የጎደለ ነው ሊል፣ የተጎዳውን ጎረቤት ጥርስ ደግሞ በሌላ በሽታ ሊተረጉም ይችላል። የሚያውቅ ሐኪም ግን እናትየዋን በአክብሮት፣ ሳይወቅስ ይጠይቃል። የጠያቂው አነጋገር ራሱ የአመዛዘኑ አካል ነው፤ የተወቀሰች እናት እውነቱን አትናገርምና። ይህን የሚያስተምር ኬዝ ከእኛ ቀድሞ ሊጽፍ የሚገባው ማነው?

ለረጅም ዓመታት ጫት የሚቅም ሰው ጫቱን በሚይዝበት ጉንጩ ላይ የሚታይ ነጭ ልባስም እንዲሁ ነው። ከፈንገስ፣ ከኤችአይቪ ጋር ከሚመጡ ቁስሎችና ወደ ካንሰር ሊሄድ ከሚችል ለውጥ ጋር ጎን ለጎን መቅረብ አለበት፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ባዮፕሲ እንዲታሰብለት የሚለው ደንብም አብሮ ይቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሪፖርቱ 3.5 ቢሊዮን ሰው የአፍ ጤና ችግር እንዳለበት ጽፏል፤ ከአራቱ ሦስቱ የሚኖሩት መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገር ታካሚ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አስተያየት የመጠየቅ ዕድል የለውም። የመጀመሪያው ውሳኔ የመጨረሻው ነው።

ምን ይከብዳል? ከምን ይጀመር?

እንቅፋቶቹ የታወቁ ናቸው። መምህር ጥቂት፣ ተማሪ ብዙ ነው። ጥሩ ኬዝ መጻፍ ጊዜ ይፈልጋል። ለዓመታት ሌክቸር ሲሰጥ የኖረ መምህር መልሱን አፉ ላይ ይዞ ዝም ማለት ይቸግረዋል። ተማሪውም በመምህሩ ፊት ተሳስቶ መታየትን ይፈራል፤ ከታላላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ተብሎ በሚታይበት ባህል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ከመናገር በፊት መጻፍ የሚጠቅመው። ሁሉም በወረቀት ራሱን ካሰረ በኋላ ዝምተኛዋም ተማሪ ተሳታፊ ናት፤ ስሕተቱም የአንድ ሰው ውርደት መሆኑ ቀርቶ የክፍሉ ሁሉ መማሪያ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት አፍርሶ መገንባት አይደለም፤ ውድ ሶፍትዌርም አይደለም። አንድ የትምህርት ክፍል ከራሱ ክሊኒክ፣ የታካሚው ማንነት ተደብቆ፣ በሳምንት አንድ ኬዝ ቢያዘጋጅ ይጀመራል። ኬዙ በቅጠል በቅጠል ይከፈት፤ ተማሪው በየቅጠሉ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተለውጦ እንደገና ይጠየቅ፤ ከፈተናው ግማሹም ከዚሁ ዓይነት ይውጣ። መምህራኑ ኬዞቹን ቢለዋወጡ፣ የጎንደሩ ለጅማው፣ የጅማው ለአዲስ አበባው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን አፍ የሚያሳይ የኬዝ ስብስብ ይኖረናል።

ኬዝ ተአምር አይሠራም፤ ጥናቱም እንዲህ አይልም። የሚለው ይህን ነው፦ እውቀት በታሪክ ሲደራጅ፣ ታሪኮች ሲነጻጸሩና ተማሪ ከማየቱ በፊት እንዲወስን ሲገደድ አመዛዘኑ ይሠለጥናል። የጥርስ ሕክምና ተማሪ እጁን በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ መቶ ጊዜ እንዲሳሳት እንፈቅድለታለን። አእምሮውም በወረቀት ላይ ያንኑ ያህል እንዲሳሳት ዕድል ልንሰጠው ይገባል፤ ያን ዕድል ከነፈግነው ስሕተቱ የሚደርሰው በሰው ላይ ነውና።